ከኩማሞቶ የመጣው ሰናፍጭ

በቸርቻችን ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለፓስተሩ ነው፤ ቀጥሎ ለእኔ። የሾመኝ ሰው የለም። ከዓመታት በፊት አንዲት እህት አባቷ አዲስ አበባ አርፈውባት፣ ማን ይንገራት ሲባል ሰው ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ "እኔ እነግራታለሁ" አልኩና ሄጄ ነገርኳት። አልተንተባተብኩም፤ አላለቀስኩም። ከዚያ ወዲያ ሥራው የእኔ ሆኖ ቀረ። "አልማዝ ደንዳና ናት" ይሉኛል፤ ሲያመሰግኑኝም ሲያሙኝም በዚችው ቃል ነው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። በማታ አይነገርም፤ በማለዳ ነው። ሰውየው በዋዜማው እራቱን መብላቱ መረጋገጥ አለበት፣ ከሰማ በኋላ እህል አይወርድለትምና። ስልኩን በዘዴ ከእጁ መውሰድ ነው፤ ፌስቡክ ከሽማግሌ ይቀድማል። አርብ አርብ በስልክ የምንጸልይበትን መስመር የሚመራው ሰው እንዲያውቅ ይደረጋል፣ አለበለዚያ አንዱ ሳያስበው ለሐዘንተኛዋ መጽናናት መለመን ይጀምራል። ከሁሉ በኋላ ለለቀስተኛው ቦታ ይዘጋጃል። ከኮሮና ወዲህ ሳሎን ውስጥ መሰብሰብ ስለቀረ እኛ ላስ ቬጋሶች ለቅሶ የምንቀመጠው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ መኪናውን አውጥተን፣ በሩን ሽቅብ ከፍተን፣ ወንበሩን አራርቀን።

ይህን ሁሉ ለሰው አስተምሬያለሁ። ጓደኛዬን ጽጌን አስተምሬያታለሁ። ልጄ ሩት እንኳ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገችውና አማርኛ ስትናገር ምላሷ የሚወላገደው፣ ለመርዶ ስሄድ በመኪና እያደረሰችኝ አይታ ተምራለች። "ማሚ፣ ይሄ ውሸት ነው እኮ" ትለኝ ነበር። "ውሸት አይደለም፤ ሰውን አንድ ሌሊት ማስተኛት ነው" እላት ነበር። በዚህ ነገር ላይ እርግጠኛ ነበርኩ።

ብሩክ ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ጢም ካወጣም በኋላ "እታለም" ማለቱን አልተወም። ከመሬት ሥር የሚወጣ እንፋሎት አጠናለሁ ብሎ በስኮላርሺፕ ጃፓን ሄደ፤ ኩማሞቶ የሚባል አገር። እዚያ ዩኮን አገባና እዚያው ቀረ። በደወለ ቁጥር አገሩን እንደ ደላላ ያሞጋግስልኝ ነበር። "ከመስኮቴ እሳተ ገሞራ ይታየኛል። ግንብ ካማረሽ የጎንደርን የሚፎካከር ግንብ አለን። ፍል ውሃ በየመንደሩ ነው፤ ጠበል ነው ብለሽ ካልሸሸሽ እነክርሻለሁ" ይለኛል፣ ጴንጤነቴን ሊጎነትል።

በ2020 ኤፕሪል ልሄድለት ቲኬት ቆርጬ ነበር። ስትሪፑ በሚባለው የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች ባንዱ ክፍል አጸዳለሁ፤ ፈቃዴን አጠራቅሜ ሦስት ሳምንት ሰጥተውኛል። ሻንጣ ገዝቼ በርበሬና ሽሮ፣ ለዩኮ ደግሞ ጥበብ ያለው ነጠላ ሞላሁበት። ማርች ላይ ሆቴሉ ተዘጋ፤ እኛም ሌይ ኦፍ ተደርገን ቤት ቀረን፤ ጃፓንም በሯን ዘጋች። ሻንጣው ሳይፈታ ጋራዥ ገባ። "አገሩ ሲከፈት እሄዳለሁ" አልኩ። ሥራ ሲጠሩኝም፣ መርዶው ሲበዛብኝም እንዲሁ እል ነበር። ያን ዓመት መርዶ በዛ። ከአንዱ በር ወደ አንዱ በር ስሄድ ውስጤ ምንም ማለት እየተወ መጣ፤ ሥራ ነበር የሚመስለኝ።

በማግስቱ ዓመት፣ የ2021 ጸደይ መሆኑ ነው፣ ከብሩክ አንድ ሣጥን ደረሰኝ። ኮሮና ሰው አላስወጣ ሲል እነዚህ ጃፓኖች አገራቸውን በዙም ማስጎብኘት ጀምረዋል። ምግቡን አስቀድመው በፖስታ ይልኩልሻል፤ ከዚያ ቤትሽ ተቀምጠሽ፣ የእነሱን ምግብ እየበላሽ፣ አስጎብኚው በቀጥታ ይዞሽ ይዞራል። ሣጥኑ ውስጥ ሻይ፣ የስኳር ድንች ጣፋጭ፣ ገላ መታጠቢያ ውሃ ላይ የሚበተን የፍል ውሃ ዱቄት፣ እና አንድ ከረጢት ነገር አለ፦ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የአንድ ተክል ሥር፣ ቀዳዳዎቹን ሰናፍጭ ሞልተው ጠብሰው ያደረቁት። ወረቀት አብሮ ነበር።

"እታለም፣ በእናንተ አርብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ በእኛ ቅዳሜ ጠዋት። ካሜራው መጨረሻ ላይ ግንቡ ሥር ያለው ድልድይ ጋ ይደርሳል። ቢጫ ጃንጥላ ይዤ እዚያ ቆሜ ታዪኛለሽ። ሰናፍጩን እስከዚያ እንዳትቀምሺ። የእናታችንን ሰናፍጭ ያስንቃል፤ አብረን እናለቅሳለን።"

በዚያ ሳምንት ሰኞ ዩኮ ደወለች። በእኔ እንግሊዝኛና በእሷ እንግሊዝኛ የተግባባነው ብሩክ ልቡን አሞት ሆስፒታል መግባቱን ነው። ረቡዕ ራሱ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። "አንድ የልብ ቧንቧ ብቻ ነው የሚከፍቱልኝ። እስከ አርብ ካልወጣሁ ዩኮ ጃንጥላውን ይዛልኝ ትቆማለች። አንዳችንን ታያለሽ። ድልድዩን እይ።" ድምፁ የደከመ ቢመስልም ይስቅ ነበር።

ሐሙስ ማንም አልደወለም። ቢተኛ ነው አልኩ።

አርብ ከሺፍት ወጥቼ ሴንቴኒያል ሂልስ ሰፈር ቤቴ ስደርስ አሥር ሰዓት ተኩል አልፏል። ባለቤቴ ተስፋዬ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ጋራዡን ይጠርጋል።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"አቧራው በዛ።"

"ስድስት ዓመት ሙሉ ሲበዛ የት ነበርክ?"

"እየሞቀ ነው። ጊንጥ ይገባል" አለና ሳያየኝ መጥረጉን ቀጠለ። የጃፓኑን ሻንጣዬን አውጥቶ ኮሪደሩ ላይ አቁሞታል። ጋራዡን ጥረግ ብዬ የለመንኩበትን ጊዜ አስቤ ለራሴ ሳቅኩና ገባሁ። ይህ ሁሉ የእኔ ሙያ ነው፤ በራስ ላይ ሲሆን ግን አይታይም።

ሩት ከዩኒቨርሲቲ ቀደም ብላ መጥታ ላፕቶፑን ከቲቪው ጋር ታገናኛለች። "ማሚ፣ ስልክሽን ስጪኝ። አፕዴት ይፈልጋል" አለችኝ። ሰጠኋት። "ጽጌም ደውላ ነበር። ዛሬ የስልክ ጸሎት የለም አለች። መስመሩ ችግር አለው።" እሺ አልኩ። ሩጬ ታጥቤ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ የጃፓኑ ሻይ ተፈልቷል፤ ከጎኑ ሩት ራሷ የሠራችው ፓስታ በትልቅ ሳህን ተቀምጧል።

"እኔ ይሄን ሁሉ?"

"ብዪ ማሚ። ፕሊስ። መብላት አለብሽ።"

ጨው ቀንሺ፣ ማታ ማታ አትብዪ እያለች የምትቆጣኝ ልጅ ናት። በላሁላት። እሷ አልበላችም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጉብኝቱ ተጀመረ። ቀይ ኮፍያ ያደረገ ወጣት አስጎብኚ አጎንብሶ ሰላም አለን። በትንንሽ መስኮቶች ውስጥ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ቤተሰቦች ይታያሉ፤ እኛ ሦስታችን ሶፋ ላይ ነን፣ እኔ መሃል። መጀመሪያ የወሰደን አሶ ወደሚባለው እሳተ ገሞራ ነው። የጋዙ መጠን ስለጨመረ ጠርዙ ድረስ መቅረብ አልተቻለም ብሎ ይቅርታ ጠየቀን። ከሩቅ ነጭ ጭስ ሲወጣ አየን፤ ዙሪያው ሣር ነው፣ ፈረሶች ይግጣሉ። ብሩክ ከመስኮቱ የሚያየው ይሄን ነው ብዬ ለሩት ነገርኳት። "ያህ፣ ቢዩቲፉል" አለችና ውሃ ልታመጣ ተነሣች። ብርጭቆዬ ሙሉ ነበር።

ቀጥሎ ፍል ውሃው መንደር ሄድን። አንዲት ሴት በጠባብ ድንጋይ መንገድ እየመራች እንፋሎት የሚወጣበትን ገንዳ አሳየችን። ገንዳው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ውጭ በደንብ ታጠቡ፣ ፎጣችሁን ውሃው ውስጥ አትንከሩ አለች። ሕጋቸው ደስ አለኝ፤ የሆቴላችን እንግዶች ቢሰሙት ብዬ አሰብኩ። ተስፋዬ እግሩን ያርገበግባል። ጉልበቱን በእጄ ያዝ አደረግኩለት፤ እጄን አጥብቆ ያዘና አለቀቀኝም። ሃያ አራት ዓመት በትዳር ስንኖር ቲቪ እያየን እጄን ይዞ አያውቅም። ያኔም አላወቅኩም። እያሰብኩ የነበረው ስለ ድልድዩ ነው።

ግንቡ ጋ ስንደርስ ቀይ ኮፍያው ልጅ ተመለሰ። ጥቁር ግንብ ነው፣ ጣሪያው ድርብ ድርብ። ከዓመታት በፊት በመሬት መንቀጥቀጥ የአጥሩ ድንጋይ ተናደ አለን። ሜዳ ላይ የተደረደሩ ድንጋዮች አሳየን፤ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፣ በነበረበት ቦታ እንዲመለስ። "ሁሉም እስኪመለስ ብዙ ዓመት ይወስዳል" አለ። ከዚያ "አሁን ድልድዩን እንሻገራለን" አለ።

ወደ ፊት ተጠጋሁ። ካሜራው ድልድዩ ላይ ወጣ። ብስክሌት የሚገፉ ሽማግሌ አለፉ። ሁለት ተማሪዎች አለፉ። ቢጫ የሆነ ነገር የለም። ካሜራው ቀኝ ዞረ፣ ግራ ዞረ፣ ውሃው ላይ ትንሽ ቆየ። ድልድዩ አለቀ።

"ዩኮን አያችኋት?" ልል ዞር አልኩ። ተስፋዬ ቲቪውን አያይም። ሩትም አታይም። እኔ ድልድዩን ስፈልግ፣ እነሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ እኔን ነበር የሚያዩት። ብሩክን የሚፈልገው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የዚያን ጊዜ ሁሉም ተራ በተራ መጣ። ጋራዡ። ስልኩ። ጸሎቱ። ፓስታው።

ይቅር በሉኝና መጀመሪያ ያሰብኩት "ደህና አድርገው ሠርተውታል" የሚል ነው። ሌላ ምንም አልነበረም። አልጮኽኩም፤ ልቤም አልመታም። እግሩ እንደደነዘዘበት ሰው ሆንኩ፣ እላዬ ላይ ያለ ግን የእኔ ያልሆነ አካል የተሸከምኩ። እጄ ላይ ያለውን የሻይ ስኒ አየሁት፤ ሰማያዊ ነው።

ቀጥሎ የመጣብኝ ሩት ናት። አሁን "ንገሪኝ" ብላት ትነግረኛለች። አፏ ላይ ደርሷል፤ ከንፈሯን ነክሳ ይዛዋለች። ከነገረችኝ ግን ዕድሜ ልኳን ለእናቷ መርዶ የነገረች ልጅ ሆና ትቀራለች። ይህ ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ደንዳና ይሉኛል እንጂ የነገርኳቸው ሰዎች ፊት አንዱም ጠፍቶልኝ አያውቅም፤ አልጋ ሳነጥፍ፣ መስተዋት ስወለውል ይመጡብኛል። ያንን ለልጄ ላወርሳት ነው? ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ከእኔ ያየችውን ሥርዓት፣ ውሸት ነው የምትለውን ሥርዓት፣ ለእኔ ብላ አንድ ሳታጎድል ፈጽማዋለች። የቀራት እኔ አለማወቄ ብቻ ነው።

"ብሩክን ሆስፒታሉ አላስወጣውም ይሆናል" አልኩ። "ዩኮም አጠገቡ ትሆናለች።"

"ያህ" አለች ሩት።

"በይ ሰናፍጩን አምጪው። እዚህ ጋ ስንደርስ ብሉ ብሏል።"

ከረጢቱን ቀደደችው። አንዱን አንስቼ ሙሉውን አፌ ውስጥ ጨመርኩ። አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፤ እስከ አናቴ ወጣ፤ እንባዬ ወረደ። የሰናፍጩ ይሁን የብሩክ አሁንም አላውቅም። ውስጤ ዝም እንዳለ ነው፣ ዓይኔ ብቻ ነው የሚያፈሰው።

"ማሚ?" አለችኝ በድንጋጤ።

"ሰናፍጩ ነው። ቅመሺው።"

ሩት አንድ ወሰደች። ወዲያው ሌላ ጨመረች። ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ "ኦ ማይ ጋድ፣ ያቃጥላል" እያለች ተንሰቀሰቀች። ተስፋዬ ሳይጠራ እጁን ሰደደ። እንጀራ ላይ ሚጥሚጣ የማያስነካ ሰው ሦስት ፍሬ አከታትሎ በላ። ሦስታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ አፍንጫችንን በናፕኪን እየጠረግን አለቀስን፤ ሁላችንም "ያቃጥላል" እያልን። ቲቪው ውስጥ ቀይ ኮፍያው ልጅ በሩ ሲከፈት በአካል እንድንመጣ ጋበዘንና እጁን አወዛወዘ። በየመስኮቱ ያሉት ቤተሰቦችም አወዛወዙ። እኔም አወዛወዝኩ።

"ስልኬስ?" አልኩ ስነሣ፤ ካልጠየቅኩ ይጠረጥራሉ።

"አፕዴቱ አላለቀም።"

"ሲያልቅ ትሰጪኛለሽ" አልኩና ገብቼ ተኛሁ።

ጠዋት ሳይነጋ ተነሥቼ ታጠብኩ። ጥቁር ቀሚስ ከቁም ሳጥን አወጣሁና መለስኩት፤ ማወቄን ያሳብቃል። ዳቦ በሻይ በላሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መኪና ሲቆም ሰማሁ። ጋራዡን ከውስጥ ቁልፉን ተጭኜ ከፈትኩት። የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ በላይና ጽጌ ማስክ አድርገው ደጁ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ተጣጣፊ ወንበር የተጫነ መኪና።

"አልማዝ፣ ቁርስ ቀመስሽ?" አሉኝ ጋሽ በላይ። እኔው ያስተማርኳቸው ጥያቄ ነው።

"በልቻለሁ ጋሽ በላይ። እርስዎ ይቀመጡ።"

አልተቀመጡም። "ብሩክ..." ብለው ቆሙ። ማስካቸው ወደ ውስጥ ይገባል ይወጣል። ጠበቅኳቸው። መርዶ ከተጀመረ በግማሽ አይተውም፤ ይህንንም እኔው ነኝ ያልኩት። ጽጌ ጨረሰችው። "ብሩክ ዐርፏል፣ አልሚዬ። ሐሙስ ዕለት፣ ሕክምናው ላይ እያለ።"

"እሺ" አልኩ።

ተስፋዬ ከኋላዬ መጥቶ ያዘኝ። ሦስት ቀን ጋራዡ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሰው እየመጣ፣ ከሩቅ ቆሞ "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ይለኛል። አልወጣልኝም። ደንዳናነቷ አሉ፤ ሰማሁ። ሻንጣውን ከፍቼ ነጠላውን ለራሴ ለበስኩት።

በሁለተኛው ቀን ሩት አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። "ማሚ፣ ሁሉንም በትክክል አደረግኩት? ያን ማታ ምንም አላወቅሽም አይደል?"

"ምንም አላወቅኩም። በሰላም ተኛሁ።"

ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ ጣለችና አለቀሰች። ትከሻዋ ሲላላ በእጄ ታወቀኝ።

ከሳምንት በኋላ ዩኮ ደወለች። ተስፋዬ እንዳትነግሪያት ብሎ እንደለመናት፣ ነገሩ ባይገባትም እሺ እንዳለች ነገረችኝ። ጃንጥላውን ይዛ ድልድዩ ድረስ ሄዳ ነበር። ጃንጥላውን ብታሳየኝ ግን ብሩክ ደህና ነው ማለት ስለሚሆን፣ ካሜራው ሳይደርስ ዘግታው ተመለሰች። አልተቀየምኳትም።

አንድ ነገር ግን እረፍት ነሳኝ። እኔ ካወቅኩ ሌሎቹስ? በመከር ወቅት ወደ አሊያንቴ ሰፈር ነድቼ እትዬ ዘነበች ቤት ሄድኩ። ወረርሽኙ ሳይመጣ የበኩር ልጃቸውን መርዶ የነገርኳቸው እኔ ነበርኩ። ያን ጠዋት በሩን ሲከፍቱልኝ ፀጉራቸውን ተጎንጉነው፣ ቤቱን አሰናድተው አግኝቻቸው ነበር። ሽማግሌ ሰው በማለዳ መነሣቱ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

"እትዬ፣ ያን ጊዜ ሳልነግርዎት ያውቁ ነበር?"

ሻዩን ቀዱልኝና ተቀመጡ። "አዎ።"

"በምን?"

"በዋዜማው ደወልሽና እራት በልተዋል ወይ አልሽኝ። ደውለሽልኝ አታውቂም እኮ አልማዝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ጠዋት በመስኮት አየሁሽ። መኪናሽ ውስጥ መሪውን ይዘሽ፣ ግንባርሽን ደፍተሽበት ብዙ ቆየሽ። አሳዘንሽኝ። ይሄን ያህል ተጨንቃ የመጣች ልጅ አውቄዋለሁ ብዬ ባዶ እጇን ልመልሳት?"

ሻዬን ጠጣሁ።

አንባቢዎቼ፣ አሁንም ይደውሉልኛል፤ አሁንም እሄዳለሁ። እራት መበላቱን እጠይቃለሁ፤ ስልክ አስወስዳለሁ። ያ ሌሊት ግን ለሐዘንተኛው የምንሰጠው ይመስለኝ ነበር፤ ሐዘንተኛው ለእኛ የሚሰጠን መሆኑን አላውቅም ነበር። አሁን በር ሲከፈትልኝ መጀመሪያ ዓይናቸውን አያለሁ፤ ማወቃቸውን ካየሁ በልቤ አመሰግናቸውና ሥራዬን እሠራለሁ። ስለ ራሴ የምነግራችሁ ጥሩ ነገር የለኝም። ከሰናፍጩ ወዲህ እንባ አልመጣልኝም። ይመጣል ይላሉ።

ሩት አሁንም አንዳንዴ ለጓደኞቿ ስታወራ እሰማታለሁ፤ እናቴ ምንም አላወቀችም፣ አንድ ሌሊት አስተኛኋት ትላለች፣ በኩራት። ልጄ አማርኛ ማንበብ አትችልም። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ለእናንተ የጻፍኩት። የምታውቋት ካላችሁ፣ እባካችሁ አትንገሯት።